ፕሪንተሩ ያለው እኔ ክፍል ነው

በእኛ ግቢ ሰው የሚኮራረፈው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ግልገሎቹን ሳያስገባ የተኛው ማን ነው በሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው በፕሪንተር ነው። የግልገሉ ኩርፊያ ቁርስ ላይ ያልፋል። የፕሪንተሩ ግን ወደ ሁለት ዓመት ተጠግቶ ነበር።

የምንኖረው ሰላ ድንጋይ ነው። ታሪክ የምትወዱ አንባቢዎች የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት የወይዘሮ ዘነበ ወርቅ መቀመጫ እዚህ እንደነበር ታስታውሱ ይሆናል። እኔ ግን ለዛሬው ጉዳዬ የምፈልገው ድንጋዩን ነው። አባቴ የሠሩት ቤት ግድግዳው ክንድ ከስንዝር ይወፍራል። ብርድ አያስገባም፤ በኋላ እንደተረዳሁት ዋይፋይም አያስገባም። በዚህ ቤት እኔና ባለቤቴ እንኖራለን። ከግቢው ማዶ፣ ከበጎቹ በረት ጎን ባለው ቆርቆሮ ቤት ደግሞ ምራቴ ከልጆቿ ጋር ትኖራለች። እሷም እንደ እኔ አስተማሪ ናት። ባሏ፣ ማለትም ልጄ፣ ሥራው ደብረ ብርሃን ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ይመጣና ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ይሄዳል።

ፕሪንተሩን የገዛሁት ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ጠመኔውን ሲቀሙት እጁ ሥራ ያጣል። ደብረ ብርሃን ሄጄ ያገለገለ፣ ጥቁር ብቻ የሚያትም ሌዘር ፕሪንተር ገዛሁ። ሻጩ «ጋሼ፣ ይሄ ዕቃ እርስዎንም ይቀብራል» አለኝ፤ ምርቃት ይሁን እርግማን እስካሁን አልለየሁትም። ፕሪንተሩ ያለው አንድ የዩኤስቢ ገመድ ብቻ ነው። ከአንድ ኮምፒውተር ጋር ያገናኙታል፣ አበቃ። እኔም ክፍሌ ካለው ዴስክቶፕ ጋር አገናኘሁት።

ነገሩ እንዲህ ይሰፋል ብዬ አልገመትኩም ነበር። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ የታተመው መጽሐፍ ለሁሉም አልደረሰምና በሶፍት ኮፒ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞር ጀመር። ልጅ ደግሞ ስልክ ላይ አያጠናም፤ ስልክ ከሰጡት ሌላ ነገር ያገኝበታል። ስለዚህ ምዕራፍ በምዕራፍ ማተም ግድ ሆነ። ምራቴ ለተማሪዎቿ ወርክሺት ታትማለች። ትልቁ የልጅ ልጄ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ገባና አሳይመንት መጣ። ከዚያ ፋይዳ መጣ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ስልኩ ላይ የመጣለትን መታወቂያ «እስቲ በወረቀት አውጡልኝ» እያለ በር ያንኳኳ ጀመር።

ኮምፒውተሮቹም ከየአቅጣጫው ተሰበሰቡ። የእኔው ዴስክቶፕ ዊንዶውስ 7 ነው፤ እንደ ባለቤቱ ጡረታ የወጣ። የምራቴ ላፕቶፕ ዊንዶውስ 10 ነው። ትልቁ የልጅ ልጄ የራሱ ላይ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ጭኗል። አሜሪካ ያለችው ልጄ ደግሞ አሮጌ ማኳን ለታናሿ የልጅ ልጄ፣ ለሚጡ ላከችላት። ስልኮቹን አልቆጥርም። አንድ ቤተሰብ ሆነን መሣሪያዎቻችን እርስ በርስ አይግባቡም።

የሚያገናኘን ፍላሽ ነበር። ሚጡ አንዲት ገጽ ለማሳተም ፍላሹን በጡጫዋ ጨብጣ፣ ጃኬቷን ተከናንባ፣ በሐምሌ ዝናብ ግቢውን አቋርጣ ትመጣለች። ፍላሹም ከየቤቱ የለቀመውን ቫይረስ ይዞ ይመጣል። ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት አድርጎ የሚደብቀውን ታውቁታላችሁ። አንድ የፈተና ዋዜማ የምራቴ የሴሚስተር ጥያቄ በሙሉ እንዲህ ተሰውሮ እስከ እኩለ ሌሊት ፈለግን። ፋይሎቹ አልጠፉም ነበር፤ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው እንጂ፣ የተደበቁትን አሳይ የሚለውን ምልክት ስናደርግ ሁሉም ቦታቸው ላይ ተገኙ። እኔ ግን ከዚያ በፊት «ይሄ ከእናንተ ቤት የመጣ ነው» ብዬ ተናግሬ ነበር። «ከእናንተ ቤት» ማለቴ ነው ጥፋቱ። ምራቴ ምንም አልመለሰችልኝም። ለሦስት ቀን ያህል «እንዴት አደሩ አባባ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም።

እዚህ ላይ ልናዘዝ። ያ ሁሉ መመላለስ እነሱን ሲያማርር እኔን ደስ ይለኝ ነበር። ጡረታ የወጣ ሰው በሩ ሲንኳኳ ምን እንደሚሰማው እኩዮቼ ያውቁታል። ሚጡ ወረቀቷ እስኪወጣ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የክፍሏን ወሬ ትነግረኛለች። ምራቴ ጥያቄ ስታወጣ አስቀድሜ አያታለሁ፤ «ይቺ አራተኛዋ መልስ የላትም» እላታለሁ፤ ትስቃለች። ጎረቤት ለፋይዳ ሲመጣ ቡና ይፈላል። ወረቀቱን የምሞላው እኔ፣ ቶነሩን የማስሞላው እኔ፣ ማን አሁን፣ ማን ነገ የምለው እኔ ነኝ። ርዕሰ መምህርነት በደረጃ እድገት አላገኘሁም፤ በፕሪንተር አገኘሁት።

ታዲያ የዩኒቨርሲቲ ጥሪ ዘግይቶ ትልቁ የልጅ ልጄ ቤት የከረመበት ጊዜ ነበር። በክልላችን ኢንተርኔት ተቋርጦ የነበረበት ወቅትም ነው። ልጁ ሥራ ሲያጣ የቤቱን ሁሉ መሣሪያ ይነካካ ጀመርና አንድ ቀን «አባባ፣ ፕሪንተሩን ሁላችንም ከያለንበት እንድናትምበት ላድርገው?» አለኝ።

«ኢንተርኔት የለ! በምን ታገናኘዋለህ?»

«ኢንተርኔት ወደ ውጭ የሚያወጣው መንገድ ነው አባባ። እኛ የምንፈልገው ከጓዳ ሳሎን የሚያደርሰውን ነው።»

መልሱን ወደድኩት። ሐሳቡን ግን አልወደድኩትም። «እስቲ ይታሰብበታል» አልኩ፤ አስተማሪ እንዲህ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ታውቃላችሁ። አያቱ ግን ከምድጃው ዳር ሆና ሰማች። «አንቱ ሰውዬ፣ ልጁን ተዉት ይሥራበት» አለች። ተዉኩት።

መጀመሪያ የሞከረው ቀላል የሚባለውን መንገድ ነው። ፕሪንተሩ ከእኔ ኮምፒውተር እንደተገናኘ ሆኖ ኮምፒውተሬ ለሌሎቹ «ሼር» ያድርገው አለ። ራውተር የምትባለዋን ባለ ሁለት ቀንድ ሳጥን ከደብረ ብርሃን አምጥቶ እኔ ክፍል ሰካት። ሞገዱ አባቴ ከካቡት ድንጋይ ጋር ተጋጭቶ እዚያው ቀረ። የምራቴ ቤት በእርምጃ ሃያ አይሞላም፤ ኢንተርኔት ቢኖር ከአሜሪካ መልእክት ይደርሰኛል፣ ከግቢ ማዶ ግን አይደርስም! በመጨረሻ ገመድ በመስኮት ዘንግ በኩል አውጥቶ፣ በልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ አንጠልጥሎ፣ ራውተሯን የቆርቆሮው ቤት በረንዳ ላይ ሰቀላት። ባለቤቴ ገመዱ ላይ ልብስ እንዳታሰጣ ለማስረዳት ሌላ አንድ ሳምንት ፈጀ።

ገመዱ ተዘርግቶም ነገሩ አልተቃናም። ለየመሣሪያው ድራይቨር የሚባል አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ «ይህን ገጽ አትም» ሲል ፕሪንተሩ ወደሚገባው ቋንቋ የሚመልሰው እሱ ነው። የእኔ ዊንዶውስ 32 ቢት፣ የምራቴ 64 ቢት ስለሆነ የአንዱ ድራይቨር ለሌላው አይሆንም። የሁለቱ የይለፍ ቃል አጠያየቅም ይለያያል። ማኳ ፕሪንተሩን በስሙ ታየዋለች እንጂ አታዝዘውም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ እኔ ኮምፒውተሬን አጥፍቼ ስተኛ ግቢው በሙሉ ፕሪንተር አልባ ይሆናል።

«እማዬ ማታ ነው ጥያቄ የምትሠራው፤ እርስዎ ደግሞ በሦስት ሰዓት ይተኛሉ» አለኝ ልጁ።

«ታዲያ ቀን ትሥራ» አልኩት። አየኝ። ዝም አለ። ያን ዝምታ ከእናቱ ነው የወረሰው።

ሁለተኛው መንገድ ነው የሠራው። ስክሪኑ ተሰነጣጥቆ ከሳጥን ሥር የተጣለ አሮጌ ላፕቶፕ ነበረን። በፍላሽ ኡቡንቱ ጫነበትና ከፕሪንተሩ ሥር አስቀመጠው። ስክሪን አያስፈልገውም አለ፤ ሥራው ማየት አይደለም፣ መቀበል ነው። እኔ እንደገባኝ ነገሩ ወፍጮ ቤት ማለት ነው። ድሮ እያንዳንዱ ኮምፒውተር እህሉን ራሱ ሊፈጭ ይታገላል። አሁን ሁሉም ጆንያውን ወረፋ ላይ ያስቀምጣል፣ የሚፈጨው አንድ ባለ ወፍጮ ነው። ፕሪንተሩ ጋ የሚያስፈልገው ትርጉም በሙሉ እዚያ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ያልቃል። በወፍጮ ቤት እንደሚሆነውም ሁሉ ፊት ያለው ጆንያ ከታነቀ ከኋላው ያለው በሙሉ ይቆማል፤ አንድ የተበላሸ ፋይል ወረፋው ላይ ሲቀር እሱን አውጥቶ መጣል ነው እንጂ አሥሬ «አትም» ማለት ወረፋውን ማስረዘም ነው። ይህን ሳናውቅ አንድ ጊዜ የአንዱን ምዕራፍ አምስት ቅጂ አሳትመናል።

ባለ ወፍጮው ፕሮግራም ካፕስ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ወጥቶ ኋላ አፕልም ለማክ የወሰደው ነው። ለዚህም ነው የሚጡ ማክና የልጁ ሊኑክስ ማንም ሳያስተዋውቃቸው ፕሪንተሩን ወዲያው ያገኙት። ስልኮቹም አገኙት። የምራቴ ዊንዶውስ ግን አድራሻ ካልጻፉለት አልሄድም አለ፤ የላፕቶፑን ቁጥር ጻፈለትና እሺ አለ። ስም ስጡት ሲል ሚጡ «አባባ» ብላ ጻፈች። ስለዚህ አሁን ማንም ሰው ለማተም ሲፈልግ «አባባ»ን መምረጥ አለበት።

በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፋ። ሲመጣ ምራቴ ማተም አቃታት፤ ሌሎቹ ያትማሉ። ልጁ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ያገኘው ይህንን ነው፦ ራውተሯ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ለየመሣሪያው አዲስ ቁጥር ታድላለች። ላፕቶፑ ትናንት መጨረሻው 5 የነበረው ዛሬ 7 ሆኗል። የምራቴ ኮምፒውተር የ5ን በር ሲያንኳኳ ይውላል፣ ማንም የለም። መፍትሔው ራውተሯ ውስጥ ገብቶ «ይህ ላፕቶፕ ሁልጊዜ 5 ነው» ብሎ ማስያዝ ነው። እንደኛ አገር መብራት በሚመላለስበት ቤት ይህን የምትሠሩ ወላጆች ካላችሁ ከሁሉ አስቀድማችሁ ይህቺን አድርጉ፤ ሁለት ሰዓት ታተርፋላችሁ።

ወረቀት ሲነክስበት ደግሞ ክዳኑን ከፍቶ እየጎተተ ታሪክ ነገረኝ። እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ አሜሪካ ኤምአይቲ ውስጥ ሪቻርድ ስታልማን የሚባል ባለሙያ ነበር አለ። ሠራተኛው ሁሉ የሚጋራው ፕሪንተር ሌላ ፎቅ ላይ ነው። ሰው ያዝዛል፣ ወርዶ ሲያይ ወረቀት ነክሶ ቆሟል። ስታልማን በቀድሞው ፕሪንተር ላይ ፕሮግራሙን አስተካክሎ፣ ወረቀት ሲነክስ ለሚጠብቁት ሁሉ መልእክት እንዲሄድ አድርጎ ነበር። አዲሱ ሲመጣ ግን የፕሮግራሙ ጽሑፍ አብሮ አልመጣም፤ ያለው ሰው ዘንድ ሄዶ ቢጠይቅም «ለማንም ላልሰጥ ፈርሜአለሁ» ተባለ። ያ ቁጭት አብሮት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1983 ማንም ሊያየውና ሊያስተካክለው የሚችል ሥርዓት እጽፋለሁ ብሎ ተነሣ። ከልጁ ኡቡንቱ ውስጥ ብዙው ከዚያ የመጣ ነው። «ስለዚህ ላፕቶፔ የተወለደው ከነከሰ ወረቀት ነው አባባ» አለኝ። እኛ ቤት ወረቀት ሲነክስ መልእክቱን የምታደርሰው ሚጡ ናት፤ በረንዳ ላይ ቆማ ትጮኻለች።

የእኔ ነገር ትንሽ ዘገየ። የሃያ ዓመት የማስተማሪያ ጽሑፌ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ነው። ያን ዘመን የአማርኛ ፊደል ለኮምፒውተሩ የእንግሊዝኛ ፊደል ሆኖ፣ በላዩ የአማርኛ ቅርጽ ለብሶ ነበር የሚቀመጠው። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት ልብሱ ይወልቃል፤ «የሦስት ማዕዘን ስፋት» የሚለው የድመት ጭረት ይመስላል። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ የተጻፈ የትም ቢከፈት አማርኛ ነው። የድሮውን ግን ከእኔው ማሽን ላይ ፒዲኤፍ አድርጌ ካላወጣሁት ለልጅ ልጆቼ አይነበብም። ልጁ እንዴት እንደሚደረግ አሳየኝ። በቀን አሥር አሥር እለውጣለሁ፤ ገና አልጨረስኩም።

እንግዲህ ሁሉም ሆነ። ልጁ ጥሪ መጥቶለት ሄደ። ከዚያ በኋላ ነው ቤቱ ጸጥ ያለው።

ፕሪንተሩ ይሠራል፤ ማንም ግን አይመጣም። ተቀምጬ ሳለ በድንገት ያጓራል፣ ወረቀት ይተፋል። ሚጡ ማታ ላይ አንድ ጊዜ መጥታ የቀኑን ሰብስባ ትሮጣለች። ምራቴ ጥያቄዋን አሳትማ በልጇ ታስወስዳለች፤ አራተኛዋ መልስ ትኑራት አትኑራት የሚጠይቀኝ የለም። ባለቤቴ እንኳን በሚጡ ስልክ የማኅበሯን ተራ ዝርዝር ከምድጃው ዳር ሆና አሳተመችና «አንቱ ሰውዬ፣ ወረቀት ጨምሩበት አሉ» ብላ አዘዘችኝ። ርዕሰ መምህሩ ዘበኛ ሆነ።

አንድ ሐሙስ ማታ፣ ሦስት ሰዓት አልፎ፣ መብራቱን አጥፍቼ ጋቢዬን እንደተከናነብኩ ፕሪንተሩ ተነሣ። አንድ ገጽ ብቻ ወጣና ዝም አለ። ምራቴ የነገውን ጥያቄ ልካለች ብዬ ተነሣሁ። መነጽሬን ያደረግሁት ስህተት ካለ ላርም ብዬ ነው።

ጥያቄ አልነበረም። የዝውውር ማመልከቻ ነው። ወደ ደብረ ብርሃን። «ትዳርን ለማሰባሰብ» የሚል አርእስት አለው። ሁለተኛውን አንቀጽ ማንበብ አልነበረብኝም፤ አነበብኩት። ስምንት ዓመት ከባለቤቷ ተለያይታ እንደምትኖር፣ ታናሿ ልጅ አባቷን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እንደምታይ ጽፋለች። ስለ እኔም አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ «የባለቤቴ ወላጆች በዕድሜ የገፉ በመሆናቸው እስካሁን ቆይቻለሁ» ይላል።

ስምንት ዓመት። እኔ የምቆጥረው ቅዳሜዎቹን ነበር።

እንዲታተም እንዳልፈለገች ገባኝ። ዊንዶውስ ላይ ፒዲኤፍ አድርጎ ማስቀመጥና ወረቀት ላይ ማተም አንድ ዝርዝር ውስጥ ጎን ለጎን ነው ያሉት። ልጁ ደግሞ «አባባ»ን ቀድሞ የሚመረጥ አድርጎላታል። ፒዲኤፉን አስቀመጥኩ ብላ ኮምፒውተሯን ዘግታ ተኝታለች። ትልልቅ መሥሪያ ቤት ያሉ ፕሪንተሮች ባለቤቱ አጠገባቸው መጥቶ ቁጥር ካልነካ ወረቀቱን አያወጡም ሲሉ ሰምቻለሁ። የእኛው እንዲህ ያለ ምሥጢር ጠባቂነት የለውም።

ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ነቅታ ነበር፤ «ምንድን ነው?» አለች፤ «የሚጡ ሥዕል» አልኳት። ወረቀቱን በካኪ ፖስታ ከትቼ ጠረጴዛው ላይ አደረግሁት። ሌሊቱን ብዙ ነገር አሰብኩ፤ ሁሉም እዚህ አይጻፍም። አንዱ ግን ይሄ ነው፦ ልጄ ገና ሥራ ሲይዝ «ምራቴ እዚሁ ትሁን፣ ልጆቹ ደጋ ይደጉ» ያልኩት እኔ ነበርኩ። ያን ጊዜ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ወርክሺቷን ልትወስድ ራሷ መጣች። ፖስታውን ሰጠኋት። ከፈት አድርጋ አየችውና ፊቷ ተለዋወጠ።

«አባባ፣ እኔ... ልነግርዎት ነበር፤ ቅዳሜ እሱ ሲመጣ አብረን...»

«ቀን አልጻፍሽበትም» አልኳት።

«እ?»

«ከላይ ቀኑ ባዶ ነው። ቀን የሌለው ማመልከቻ መዝገብ ቤት ይመልሰዋል። የጋብቻ ማስረጃውንም አባሪ አድርገሽ ጥቀሺው። ሦስት ቅጂ ያስፈልግሻል፤ አንዱ ለራስሽ።»

ቆማ ቀረች። «እሺ፤ ከቤት አስተካክዬ እልከዋለሁ» አለች።

«ምን ታመላለሺዋለሽ? እዚሁ ቁጭ በይና አስተካክይው።»

ወንበሬን ለቀቅሁላት። ባለቤቴ ቡናውን ይዛ ገብታ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየችና ሲኒ ጨመረች። ምራቴ ቀኑን ጻፈች። ስለ እኔ ያለችውን ዐረፍተ ነገር ስትደርስ ጣቷ ቆመ፤ «ይሄን ላጥፋው?» አለችኝ። «እውነት ነው አይደል? ይቀመጥ» አልኳት። ከዚያ «አባባ»ን መረጠች፣ ሦስት ብላ ጻፈች።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ወረቀት ነከሰ። ክዳኑን ከፍቼ ስጎትት ሚጡ በሩን ብርግድ አድርጋ ገባች።

«አባባ! ሥዕሌን ከላክሁት ቆየ እኮ፤ ምነው አልወጣም?»

«ወረፋ ላይ ነሽ» አልኳት፤ «ከእናትሽ ቀጥሎ።»

አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች ትጠብቅ ጀመር።